ምዕራፍ ስድስት፦ ድጓ የሚመሰከርባት መንደር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓ መምህር ነኝ ያለ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «የት ነው ያስመሰከሩት?» ይባላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚከበረው መልስ «ቤተልሔም» የሚለው ነው። የነገሥታቱ ጎንደርም፣ የጽዮን ደብር አክሱምም፣ የመንበረ ፓትርያርኩ መቀመጫ አዲስ አበባም ለድጓ ይህን ክብር አላገኙም። ቤተልሔም በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በታች ጋይንት ወረዳ የምትገኝ የገበሬ መንደር ናት። ጎጆዋ፣ አውድማዋ፣ የከብቷ በረት ከጎረቤቶቿ አይለይም። ነገር ግን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ የተነሣ ተማሪ ዓመታት የለፋበትን ዜማ ይዞ የሚቀርበው እዚህ ላለው የምስክር መምህር ነው። መምህሩ «አልፈሃል» ካለው ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል።

ጤፍና ማሽላ የሚዘራባት አንዲት ቀበሌ እንዴት የአንድ ሀገር ዜማ ዳኛ ሆነች? ይህን ለመረዳት መሬቷን፣ ታሪኳንና እህሏን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ከሦስቱ እህሉ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ስለ ቅዱስ ያሬድ ብዙ ተጽፏል፤ የያሬድን ዜማ ስለቀለበው የጋይንት ገበሬ ግን እምብዛም አልተጻፈም።

ከመሬቱ እንጀምር። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በቀኙ የጉና ተራራን እያየ ይሄዳል። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ፋርጣን፣ እስቴንና ጋይንትን አንድ ላይ የያዘ ተራራ ነው። በምዕራብ ወገኑ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደቡብና በምሥራቅ ወገኑ የሚመነጨው ውኃ ግን ጣናን ሳያይ ሸለቆ እየሰነጠቀ በበሽሎ በኩል ዓባይን ይገናኛል። ከጉና ወዲህ ያለው ሀገር ሁሉ በዚህ ውኃ የተቀረጸ ነው፤ ከላይ ሰፊ ደጋ፣ ከሥሩ ድንገት የሚከፈት ገደል፣ በገደሉ ወገብ ላይ እርከን እርከን የሆነ ወይና ደጋ፣ ከታች ደግሞ የበሽሎ በረሃ። በላይ ጋይንቷ ከተማ በንፋስ መውጫ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ወደ ታች ጋይንት ወይም ወደ ጎረቤቱ ወረዳ ወደ ስማዳ ቆላ ቢወርድ በዚያው ቀን ጥላ ይፈልጋል።

የእህሉም ዓይነት ይህንኑ ቁልቁለት ይከተላል። በላይ ጋይንት ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይበቅላሉ፤ ገብሱ መሐል የሚበቅለው ሲናር እንኳ አይጣልም፣ ይበላል። ዝቅ ሲባል ጤፍ፣ ሽምብራና ቦሎቄ፣ ከዚያም በታች ማሽላ ይከተላሉ። የታች ጋይንትና የስማዳ ገበሬ ትልቁ ጠላት የክረምቱ እጥረት ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ እህሉ አበባ ላይ እያለ ይቃጠላል። በዛ ያለ እንደሆነም ዳገቱ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። በ1977ቱ ረሃብ ይህ አካባቢ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመርም ሁለቱ ጋይንቶችና ስማዳ ከተካተቱት ወረዳዎች መካከል ነበሩ።

በሌላ አነጋገር፣ ቤተልሔም ያለችው ለራሱ እህል በማይበቃው ሀገር ውስጥ ነው። ይህን አንባቢው ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን የውጭ ዓለም ጸሐፊዎችን ዓይን የሳበው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ ጋይንት ደርሶ፣ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብና ሣር ክዳን የሆነ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ በክቡ ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ቆሞ አየ፤ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ። ያየውን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ነገረ። ለአውሮፓ አንባቢ ግኝት ነበር። ለጋይንት ካህናት ደግሞ አያቶቻቸው ሲቀድሱበት የኖሩት መቅደስ ነው። እኔን የሚገርመኝ የአሠራሩ ጥበብ ነው። አሮጌውን ሳያፈርሱ፣ ዝናብና ፀሐይ እንዳይነካው በገበሬ ቤት አሠራር ሸፍነው አኖሩት። የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ሣሩን የሚያጭደው፣ ግንዱን የሚሸከመው፣ ማገሩን የሚያስረው የመንደሩ ሰው ነው። የጥንቱ ድንጋይ በገበሬ ሣር ተጠብቆ ቆየ።

ድጓው ራሱ የቆየው በዚሁ ዓይነት ነው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወራት ተከትሎ የሚሄድ ታላቅ የዜማ መጽሐፍ ነው። ከመስከረም የሚጀምረው ዮሐንስ፣ ቀጥሎ አስተምሕሮ፣ ከትንሣኤ በኋላ ፋሲካ፤ የዐቢይ ጾሙ ደግሞ ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ይጠናል። ዜማው በሦስት ስልት ይሄዳል፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ድርሰቱን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለስድስተኛው መቶ ዘመኑ ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። በመጽሐፉ ከቃላቱ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉትን ምልክቶች ደግሞ፣ ከግራኝ ጦርነት ማግስት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል። ገላውዴዎስ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ነው። አድባራት ተቃጥለው፣ መጻሕፍት ጠፍተው፣ መምህራን አልቀው ነበር። ዜማው ዳግመኛ ቢጠፋ መያዣ እንዲኖረው የተደረገ ጥረት መሆኑ ነው።

የምልክቱ ጠባይ ግን የመንደሯን ታሪክ የሚፈታ ቁልፍ ነውና እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከምልክቶቹ ጥቂቶቹ ነጥብና ጭረት ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ድምፅ የሚያዝበትን፣ ዝቅ ብሎ ከደረት የሚወጣበትን፣ የሚንቀጠቀጥበትን፣ የሚቆረጥበትን ያሳያሉ። ከ500 በላይ የሚሆኑት ግን ፊደላት ናቸው። አንዱ ወይም ሁለቱ ፊደል ከአንድ የታወቀ ሐረግ ተቆርጦ የተወሰደ ነው፤ ተማሪው ፊደሉን ሲያይ ያ ሐረግ ትዝ ይለዋል፣ ከሐረጉ ጋር ዜማው ይመጣለታል፣ ያንን ዜማ አሁን ለሚያነበው ቃል ያውለዋል። የአውሮፓ ኖታ ዜማውን ለማያውቀው ሰው ያስተምራል። የድጓ ምልክት ግን ዜማውን አስቀድሞ በቃሉ ለያዘ ሰው ብቻ ይናገራል። ስለዚህ መጽሐፉን ገዝቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው የድጓ ሊቅ አይሆንም። ከመምህር አፍ መስማት፣ መቀጸል፣ መታረም፣ መጨረሻ ላይም ዜማው ሳይዛባ መተላለፉን የሚመሰክር አንድ ቦታ ያስፈልጋል። ከመቶ ደብር መቶ ዓይነት ዜማ እንዳይወጣ የሚያደርገው ይህ የምስክር ቤት ነው።

በዚህ ረገድ ጋይንትና እስቴ የታደሉ ናቸው። ድጓ በቤተልሔም ሲመሰከር፣ ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ በዚያው በጋይንት በዙር አምባ ይመሰከራል፤ ትውፊቱ ያሬድ ዝማሬውን የደረሰው እዚያ ነው ይላል። በእስቴ ያለው ቆማ ፋሲለደስ በበኩሉ በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው። የዜማ ሰዎች «ቤተልሔም»፣ «ቆማ»፣ «አጫብር»፣ «ተጉለት» ብለው ስልቶችን ሲቆጥሩ ከአራቱ ሁለቱን ስም ያወጡት እነዚህ የገደል ጎረቤቶች ናቸው። ዛሬ በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል፣ ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ አድባራት ጭምር፣ በማሕሌት የሚሰማው በአብዛኛው የቤተልሔሙ ነው።

ለምን እዚህ? ይህ የኔ ግምት ነው፤ የታሪኩ አካሄድ ግን ያግዘኛል። ትልልቅ ከተሞች የነገሥታት ናቸውና ከነገሥታት ጋር ይነዳሉ። ጎንደርን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አቃጠሏት፤ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. እንደገና አቃጠሏት። ደብረ ታቦርም ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲነሡ በእሳት ጋየች። ገደል ወገብ ላይ የተቀመጠች መንደር ግን የምትዘረፈው እህል ትንሽ፣ መንገዷም ክፉ ነው። ሊቃውንቱ ከከተማ ሲሰደዱ የሚሸሹት ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ነበር።

ጦርነት ፈጽሞ አልደረሰባቸውም ማለት አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ድንጋይ እያስፈለጡና መንገድ እያስጠረጉ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ያ ሰልፍ በጋይንት ደጋ በጨጨሆ በኩል ሲያልፍ የበላው እህል የገበሬው ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ደግሞ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከዚያው ከደጋው በስተ ምሥራቅ፣ በአንቺም ሜዳ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። በዚያ ውጊያ አውሮፕላን ተሰልፎ ነበርና የጋይንትና የመቄት ገበሬ ሞተር በሰማይ ሲበር ያየው ገና መኪና በደጁ ሳያልፍ ነው። መኪናው የመጣው ኋላ፣ ቻይናውያን ከወረታ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ሲሠሩ ነው። ሀገሬው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በዚያው መንገድ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ገባ፤ ሴቶች ተደፈሩ፣ ንብረት ተዘረፈ። ያ ቁስል ሳይጠግግ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልሉን የያዘው ግጭት ተከተለ። ተማሪ በሰላም ጊዜ የሚሻገረውን መንገድ አሁን ፈርቶ ይሻገራል።

አሁን ወደ እህሉ።

የድጓ ተማሪ ክፍያ አይከፍልም፤ የኔታም ደመወዝ አይጠይቁትም። እንግዲያ ይህ ትምህርት ቤት በምን ይኖራል? በድሮው ሥርዓት መልሱ መሬት ነበር። ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራት ጉልት ይሰጡ ነበር፤ ካህኑ፣ ደብተራው፣ መሪጌታው በአገልግሎቱ ልክ የሰሞን መሬት ይይዛል፤ አርሶ ወይም አሳርሶ ይበላል፤ ካላገለገለ መሬቱን ይለቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ ይህ ሥርዓት አበቃ። አዋጁ የጭሰኛውን ጫንቃ አቅልሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከአዋጁ በኋላ የአብነት ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ግን በምክንያት ነበር፤ ገቢያቸው በአንድ ቀን ተቋርጧልና።

አልተዘጉም። ያልተዘጉበት ምክንያት፣ በኔ እምነት፣ ጉልቱ ከመጀመሪያውም የትምህርት ቤቱ ዋና ምሰሶ ስላልነበረ ነው። ጉልቱ መምህሩን ይዞ ነበር፤ ተማሪውን ግን ሁልጊዜም የያዘው የመንደሩ ማጀት ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ፣ የተረፈ ንፍሮ ትሰጠዋለች። ባይኖራት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሸኘዋለች፤ እሱም መርቆ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ይበላል። ማንም ያልመዘገበው፣ ማንም ያልሰበሰበው ግብር ይህ ነው። ከየቤቱ የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ ደሃውም ይችለዋል፤ በብዙ ቤት ስለሚባዛ ደግሞ ትምህርት ቤት ያቆማል።

ስጦታው ከወቅቱ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ አውድማ ላይ እህል ሲወቃ፣ አኩፋዳው ይከብዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ሰጪዋ ራሷ ለልጆቿ ምን እንደምታቀምስ ስትጨነቅ የምታድል ናት። ተማሪው በበኩሉ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በአጨዳ ወራት እርሻ ያግዛል፤ አኩፋዳና ባርኔጣ ሰፍቶ የሚሸጥም አለ። የመንደሩ ሰው ሲሞት ፍትሐቱ ላይ፣ በበዓል ማሕሌቱ ላይ፣ ልጆችን ፊደል በማስቆጠር ያገለግላል። ሰጪና ተቀባይ መባባላቸው ይቅርና፣ ሁለቱም የሚኖሩት በአንዱ ማሳ ላይ ነው።

ከምግብ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ መጽሐፉ ነበር። የድጓ ተማሪ በጥንቱ ወግ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ ይጨርሳል። ብራናው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይዘጋጃል፤ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። መጀመሪያ ቃሉ፣ ከዚያ በቃሉ ላይ ምልክቱ ይገባል። ስለዚህ የሚያስመሰክረው ሰው ድምፁን ብቻ ሳይሆን የጻፈውንም ያስመረምራል። የታተመ ድጓ ከመጣ ወዲህ ይህ ልፋት ቀንሷል፤ ስልክም ዜማ ይቀዳል። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ምልክቱ ግን አሁንም ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስልኩም «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ብሎ አያርምም።

ይህን ከሌላ ሀገር ጋር ላስተያይ። በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሳርት ወንዝ ዳር፣ ሶሌም የምትባል ከሺህ ብዙም ያልበለጠ ሰው የሚኖርባት መንደር አለች። እሷም ስሟ የታወቀው በዜማ ነው። የፈረንሳይ አብዮት ገዳማትን ከዘጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1833 ፕሮስፔር ጌራንዤ የተባሉ ካህን አሮጌውን ገዳም መልሰው ከፈቱ። በዚያን ጊዜ የላቲን ቤተ ክርስቲያን የጥንት ዜማ፣ የግሪጎሪያኑ፣ ከዘመናት በኋላ ተበላሽቶና ተቆራርጦ ነበር። የሶሌም መነኮሳት በየአውሮፓው ቤተ መጻሕፍት እየዞሩ የጥንት ብራናዎችን ገለበጡ፣ ኋላም ፎቶ አነሡ፤ ከ1889 ጀምሮ ምስሎቹን በተከታታይ አሳተሙ። እያመሳከሩ የጠፋውን ዜማ ከመጽሐፍ አስነሡት። የፈረንሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1901 ወደ እንግሊዝ እስኪያሰድዳቸው፣ ከዚያም እስከ 1922 በስደት ሳሉ፣ ሥራው አልቆመም። በቫቲካን በ1908 የታተመው የቅዳሴ ዜማ መጽሐፍ በእነሱ ድካም ላይ የተመሠረተ ነው።

ሁለቱ መንደሮች ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ትንሽ ሆነው የትልቅ ቤተ ክርስቲያንን ድምፅ ይዳኛሉ። ልዩነታቸው ግን ይበልጥ ያስተምራል። በፈረንሳይ የሰው ሰንሰለት ተበጥሶ መጽሐፍ ቀረ፤ ዜማውን ከመጽሐፍ መልሰው አገኙት፣ በትክክል እንዲህ ይዜም ነበር ወይ የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አላበቃም። በቤተልሔም መጽሐፍ ቢቃጠልም የሰው ሰንሰለት ሳይበጠስ ቆየ። የኛ ምልክት የሚናገረው ለሚያውቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱ አንዴ ከተበጠሰ ሶሌም እንዳደረገችው ከብራና ላይ ማስነሣት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

ሰንሰለቱ የታሰረው ደግሞ ከእህል ጋር ነው ብያለሁ። የእህሉ ጉዳይ ዛሬ እንዴት ነው? በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት ሲሸነሸን የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ጣሪያው 3 ሄክታር፣ በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሹመት ነበራቸው ተብለው «ቢሮክራት» ለተባሉት 1 ሄክታር ነበር። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ሽግሽግ አልተደረገም። ልጆች አደጉ፣ አገቡ፣ የአባታቸውን ጥማድ ተካፈሉ። የባልና ሚስት ፎቶ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር መብት ሰጥቷል፤ መሬት ግን አልጨመረም። ወጣቱ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ወባ ይዞት የሚመለስም፣ ሳይመለስ የሚቀርም አለ። ሌላው አዲስ አበባ ገብቶ የቀን ሥራ ይሠራል፤ እህቱ ዐረብ ሀገር ትሄዳለች። ዳገቱ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ግንዱ ይሸጣል። ቤቱ በዚህ ሁሉ ተደጋግፎ ነው የሚውለው።

እዚህ ላይ የምጨነቅበትን በግልጽ ልናገር። ሴፍቲኔት የሚመዘግበው በቀበሌው የሚኖር ቤተሰብን ነው። ከጎጃም ተነሥቶ በሰው ሀገር ጎጆ ቀልሶ የሚማር ልጅ የማንም ቤተሰብ አባል ሆኖ አይቆጠርም። የሚቀልበው ያው የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ቤት ነው፤ ለአምስት ነፍስ የተሰፈረውን ስንዴ ለስድስተኛ፣ ለሰባተኛ ያካፍላል። በከተማ ያሉ ባለጸጋ አድባራት ከቤተልሔም የወጡ መሪጌቶችን ቀጥረው ማሕሌታቸውን ያደምቃሉ። ከሙዳየ ምጽዋታቸው ጥቂቱ በየዓመቱ እህል ሆኖ፣ ነሐሴ ሳይገባ፣ ወደ ቤተልሔም፣ ወደ ዙር አምባና ወደ ቆማ ቢላክ ብዙ አይከብድም። ጎተራው በደብሩ ይሁን፣ ቁልፉም በየኔታና በመንደሩ ሽማግሌዎች እጅ። በየደጁ የሚለምነው ተማሪ ልመናውን አይተውም፤ እሱ የትምህርቱ ክፍል ነው፣ ትሕትና የሚማርበት። ነገር ግን ጎተራው፣ በክረምት ሰጪዋ ባዶ እጇን ስትዘረጋ እሱም ሳይማር ወደ ሌላ ሀገር እንዳይሰደድ፣ የተጀመረው የዮሐንስ ዜማ ፋሲካ ሳይደርስ እንዳይቋረጥ ያደርጋል።